አያ ቀጥሎሳ

በእኛ በኩል መጥታችሁ ዘይኑዲን የሚባል ሰው ብትጠይቁ አምስት ዘይኑዲን ያሳዩአችኋል። አያ ቀጥሎሳ ካላችሁ ግን የሚሳሳት የለም። ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ ሆርማት ወንዝ ዳር፣ በሯ ወደ ዞብል ተራራ የዞረች አንዲት ጎጆ ያሳዩአችኋል። ቅጽል ስሙን ያተረፈለት የራሱ አፍ ነው። ሰው ችግሩን ዘርግፎ ሲጨርስ፣ ሌላው «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» በሚልበት ቦታ፣ እሱ ዱላውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ «ቀጥሎሳ?» ይላል። ከዚያ ዝም ነው። ያ ዝምታው ስንቱን ሰው አናድዷል መሰላችሁ።

እኔንም አናድዶኛል። ስለ ሽማግሌ ሲያወሩ ማር ማር ብቻ የሚሉትን ስለማልወድ ከመጀመሪያው ልናገረው፤ ይህን ሰው አንድ ክረምት ሙሉ ጠልቼው ነበር። ታንጉት እባላለሁ። ጽሕፈት የተማርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

አያ ዘይኑ ሃያ ዓመት የውሃ አባት ነበር። ቆላችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ነገር ሊገባው አይችልም። የእኛን ማሳ የሚያጠጣው የእኛ ዝናብ አይደለም። ዝናቡ ላስታ ደጋ ላይ ይጥላል፤ እኛ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመን ሳለን ሆርማት ከላይ ሞልቶ ይመጣል። ያንን ጎርፍ በድንጋይና በእሾህ ክትር ጠልፈን ወደ ቦይ እናስገባዋለን። በቦዩ ዳር እያንዳንዱ ማሳ አንዳንድ አፍ አለው። ውሃው ሲደርስ ባለማሳው አካፋውን ይዞ አፉ ላይ መቆም አለበት፤ ይከፍታል፣ ያጠጣል፣ ይዘጋል፣ ለታች ጎረቤቱ ያሳልፋል። ያልቆመ ሰው ውሃው ያልፈዋል። የውሃ አባት የሚባለው ክረምት ሲገባ የባለማሳዎቹን ስም የሚጠራ፣ ተራውን የሚያከፋፍል ሰው ነው። አያ ዘይኑን በ1963 ጎርፍ ያመጣው ግንድ እግሩን ሰበረው። ሥራውን ለሌላ ለቀቀ። ሚስቱ ዓሊማ ከዚያ ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የያዘው ሥራ ስም የለውም። መካሪ እንዳንለው ምክር አይወጣውም፤ አስታራቂ እንዳንለው የተጣላ ሰው አይፈልግም። የሚፈልገው ኑሮው ከሥሩ የተናጋበትን ሰው ነው። በስልሳ አምስቱ ድርቅ ከብቱ አልቆበት ከቤት አልወጣም ያለውን ገብረ ማርያምን፣ በየጧቱ ደጁ እያነከሰ ሄዶ ሲጠይቀው ከረመ። ገብረ ማርያም ዛሬ ዋጃ ገበያ ላይ ጨው ይነግዳል፣ ፊቱም ወዝ አውጥቷል። ‹አያ ዘይኑ ምን አደረገልህ?› ሲሉት ‹ምንም፤ ይጠይቀኝ ነበር› ነው መልሱ።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ባሌ ይሁኔ በ1969 ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሦስተኛው አልመጣም። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት አራጌ የሚባል የጎብዬ ሰው፣ አብሮት የዘመተ፣ በምርኩዝ እየተደገፈ ቤቴ መጣ። «ምጽዋ መንገድ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሲቀበር ግን አላየሁም» አለኝ። ጠላ ቀዳሁለት፣ አልጠጣም። ዓይኔን ሳያይ ሄደ።

የይሁኔ ታላቅ ወንድም ታረቀኝ ይህን ሲሰማ ቱግ አለ። ከመንግሥት ወረቀት ሳይመጣ መርዶ የለም አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ግን ደስታው አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። መርዶ ከሌለ ለቅሶ የለም። ባለቅስ ማሟረት ሊሆን ነው። ሳቅሁ እንደሆነም ‹ባሏ ጦር ሜዳ ላይ ሆኖ ትስቃለች› ይሉኛል። ሚስትም አልነበርሁ፣ መበለትም አልነበርሁ። ሁለት ልጅ ወልደን ሁለቱም ስላላደጉ ቤቱ ውስጥ የሚያወራኝ አልነበረም። ከላሚቱ ጋር አወራ ነበር፤ ላሚቱም ሰልችታኝ ጀርባዋን ትሰጠኝ ነበር።

ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደለም። ያርስልኝ ነበር። ክረምት ሲገባ በቦዩ ራስ ላይ ስም ሲጠራ፣ «ይሁኔ!» ሲባል፣ ታረቀኝ ከሰው መሐል ሆኖ «አለ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ የራሱን ማሳ አጠጥቶ ወደ እኛ አፍ ይሮጣል። ሁለት ክረምት እንዲህ ሆነ። ሁሉም እያወቀ ዝም አለ። እኔ ቤት ሆኜ ጎመን እቀነጥስ ነበር።

በ1973 ሰኔ ላይ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሰብስቦን፣ መፈክሩን አሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦ «የሌለ ሰው ውሃ እየጠጣ ነው! የሐምሌ የመጨረሻው እሑድ ስም ይጠራል። ሰውየው ራሱ ካልቆመ ይሰረዛል፤ መሬቱም መሬት ለሌለው ይሰጣል።» ሁሉም እኔን አየ። አንዱ ሽማግሌ ደፍሮ ባሏ የሞተባትስ ብሎ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩም ባሏ መሞቱን በጉባኤ ፊት ትናገር፣ ክረምቱን ራሷ አካፋ ይዛ አፏ ላይ ትቁም፣ ከዚያ በስሟ ይጻፍላታል አለ። ያለኝ መሬት ሁለት ጥማድ ነው። ከዚያ ሌላ በዚህ ዓለም የምቀመጥበት የለኝም፤ ወላጆቼም የሉ።

በማግሥቱ አያ ዘይኑ እያነከሰ መጣ። የላከችው ጎረቤቴ ሙሚና ናት። ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አለኝ።

«ይሁኔ እንዲመጣ ነው የምፈልግ።»

«አሚን። ቀጥሎሳ?»

«ቀጥሎ ምን አለ? እሱ ይምጣ ነው የምልህ!»

«የመጣ እንደሆን የመጣ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ሳይመጣ የቀረ እንደሆንሳ?»

ብድግ ብዬ ቤት ገባሁ፣ በሩንም ዘጋሁበት። በስንጥቁ ሳይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ እስክትከር ተቀምጦ ሄደ። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን ሙሚና «ኧረ አንች፣ ሽማግሌውን ፀሐይ ገደለው» ብላ ስትቆጣኝ ወጣሁና እንደ ጅብ ጮኽሁበት። ምን ያገባሃል አልሁት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆይቶ፦

«ውሃ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ሴት ውሃ ትይዛለች እንዴ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ። አካፋውን አምጭው እስቲ።»

አመጣሁት። የይሁኔ አካፋ ነው። ይሁኔ ዘንካታ ስለነበር እጀታው ከራሴ በላይ ይወጣል። ቦይ ጠረጋ ወሰደኝ። እሱ ዳር ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘርግቶ ያየኛል፣ እኔ እዝቃለሁ። እጀታው ብብቴን ይወጋኛል፣ አፈሩ መልሶ እግሬ ላይ ይፈስሳል። መዳፌ ተላጠ። አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶ አላገዘኝም። ሁልጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አያሠራኝም፤ ዛሬ ቦዩን መጥረግ፣ ሳምንት ሙሉ ቦዩን መጥረግ። በሚቀጥለው ሳምንት ውሃውን ማሳ ውስጥ የሚያቆመውን ድንበር ከፍ ማድረግ። በየማታው ዛሬ ምን አየሽ ይለኛል። መጀመሪያ ‹ምንም› እለው ነበር። በኋላ ‹አፈሩ ከላይ በኩል አሸዋ ነው፣ ከታች በኩል ይጣበቃል› እያልሁ መናገር ጀመርሁ። ለካ ሁለት ዓመት ማንም ‹ምን አየሽ› ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ከእጀታው ጋር ስታገል አይቶ፦

«ይህ አካፋ የማነው?» አለኝ።

«የይሁኔ ነዋ።»

«የሚዝቅበትስ?»

«አታየኝም እንዴ? እኔ!»

«ቀጥሎሳ?»

ሦስት ቀን አኮረፍሁት። የይሁኔ እጅ ያለሰለሰው እንጨት ነው፤ የጨበጠበት ቦታ ጠቁሮ ያስታውቃል። በአራተኛው ቀን ጧት መጥረቢያ አንሥቼ ሁለት ስንዝር ያህል ቆረጥሁት። ቁራጩን እሳት ውስጥ ጣልሁት፤ ወዲያው ደግሞ እጄን እየለበለበኝ አወጣሁት። የተለበለበውን እጄን እያየሁ ለማልቀስ ሞከርሁ፣ እንባዬ እምቢ አለ። ያን ቀን ግን ሙሉ ቦይ ጠርጌ ጨረስሁ። አያ ዘይኑ አካፋውን አየው፣ በዱላውም ወደ ድንበሩ አመለከተኝ።

ሐምሌ አቦ ሰሞን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ መጣ። ከላይ «መጣ! ሆርማት መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ለታረቀኝ ቀደም ብዬ የእኔን አፍ እንዳይነካ ነግሬው ነበር። ማሳው ከእኔ በላይ ስለሆነ አካፋውን ተደግፎ ቆሞ ያየኛል። አያ ዘይኑ ከቦዩ ዳር ተቀምጧል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጎርፍ ራስ አይጠለፍም። መጀመሪያ የሚመጣው ድንጋይና ግንድ ነው፤ ማሳ ይሰብራል። ራሱን አሳልፈህ፣ ወፍራሙን ደለል ይዞ ቀስ ብሎ የሚከተለውን ነው የምታስገባ። ይህን በቆላችን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ያ ቡናማ ነገር እያጓራ ሲመጣ ያልፈኛል አልሁ፣ አለቀልኝ አልሁ፤ አፉን ከፈትሁት። ድንጋዩ ገብቶ ድንበሬን ደረመሰው። ግማሹ ማሽላ ከነሥሩ ተነቀለ። ውሃው በፈረሰው በኩል ወጥቶ ወደ ወንዝ ተመለሰ።

ወገቤ ድረስ ጭቃ ሆኜ ወደ አያ ዘይኑ ሮጥሁ። እጄን ብሰነዝር ኖሮ እመታው ነበር።

«አፈር ያስበላህ! ለምን አልነገርኸኝም? ‹ቆዪ› የምትል አንዲት ቃል ጠፋችህ?»

«አታውቂውም ነበር?»

«አውቀዋለሁ!»

«ታዲያ ምኑ ነው የከፈተው?»

ታረቀኝ የራሱን አፍ ዘግቶ ሲሄድ ሁለታችንም አየነው።

«ፍርሃት» አልሁ በመጨረሻ።

«የምን ፍርሃት?»

«ያልፈኛል ብዬ። ካለፈኝ ለሚቀጥለው ውሃ ታረቀኝ መጥቶ ይከፍተዋል። ታረቀኝ ከከፈተው ይሁኔ አለ ማለት ነው። እኔ ከከፈትሁት ግን...»

አያ ዘይኑ ይህን ጊዜ ‹ቀጥሎሳ› አላለም። «አብሽሪ» አለኝ ቀስ ብሎ። በዚያ ክረምት ያለኝ የማጽናኛ ቃል ያች ብቻ ናት።

ድንበሩን መልሼ ለመሥራት አሥር ቀን ፈጀብኝ። እሱ ሲቀመጥ፣ እኔ ድንጋይ ስሸከም። የቀረው ማሽላ ተስፋ ነበረው፤ አንድ ጥሩ ውሃ ካገኘ ያፈራል። አንድ ውሃ ግን ማግኘት አለበት።

የስም ጥሪው አራት ቀን ሲቀረው ታረቀኝ መጣ። ቤት ግባ ብለው እምቢ አለ።

«እውነት ነው ወይ የምሰማው? ወንድሜን በቁሙ ልትቀብሪብኝ ነው?»

«አያ ታረቀኝ፣ መሬቱ ሊሄድ ነው እኮ...»

«ይሂድ! እኔ ካለኝ አብልቼሽ አድራለሁ። የመጣ ለት ‹ሞተ ብያለሁ› ልትይው ነው? ምን ብለሽ ነው ፊቱን የምታዪው?»

ያን ያህል ትልቅ ሰው ሲንቀጠቀጥ ማየት ያሳፍራል። ለካ በየክረምቱ «አለ!» ብሎ ሲጮኽ ለእኔ ብሎ አልነበረም። እስካሁን መሬቱን ሊወስድ ያስባል ብዬ በሆዴ ስጠረጥረው ኖሬ፣ እሱ እንደ እኔው የጨነቀው ሰው ነው። እሱም ማልቀስ የተከለከለ ነው።

ወደ አያ ዘይኑ ጎጆ ሄድሁ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ከአንድ መደብ፣ ከአንድ ጀበናና ከተሰቀለ የሴት ሻሽ በቀር ምንም የለም። የዓሊማ ሻሽ መሆኑን ሳልጠይቅ አወቅሁ።

«አያ ዘይኑ፣ አንድ ጊዜ መልስ ስጠኝ። ለፈጣሪህ ብለህ። ሞቷል ወይስ አልሞተም? ልበል ወይስ አልበል?»

ጀበናውን ከፊቱ ገለል አደረገ።

«እኔ ብነግርሽ፣ የምገድለው እኔ እሆናለሁ። እሑድ ታረቀኝ ሲያይሽ በእኔ ታሳብቢያለሽ። ከዚያ ዕድሜ ልክሽን ለእኔ ስትመልሺ ትኖሪያለሽ» አለ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ሽማግሌ ነህ!»

«አዎን» አለ። «ወላሂ፣ ይከብዳል።»

ወጥቼ ስሄድ አልተከተለኝም። በሕይወቴ ያን ያህል ብቻዬን የሆንሁበት ቀን የለም። ይሁኔ ከሄደ ጀምሮ ብቻዬን የነበርሁ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበርሁም፣ ‹ይመጣል› የሚለው ነገር ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። ያን ቀን እሱም ትቶኝ ሄደ። አራጌ ሊዋሸኝ ምርኩዝ ይዞ ከጎብዬ እንደማይመጣ፣ ጠላዬን ያልጠጣው ለምን እንደሆነ፣ ሁሉንም አውቀው ነበር። ሁለት ዓመት አውቀው ነበር።

እሑድ በቦዩ ራስ ላይ፣ ከትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰብን። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ይዞ፣ የውሃ አባቱ ከጎኑ ቆሞ፣ ስም ይጠራል። ሰው ሁሉ «አለሁ» ይላል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። አያ ዘይኑ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ወደ እኔ አያይም።

«ይሁኔ!»

«አለ!» አለ ታረቀኝ።

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አንሥቶ «የት አለ?» አለ። ታረቀኝ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ይለምነኛል። ምን ብሎ እንደሚለምነኝ አልገባኝም፤ እንድዋሽለት ነው ወይስ እንድገላግለው።

«የለም» አልሁ። «ይሁኔ ሞቷል።»

ጆሮዬ ላይ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ታረቀኝ ከቆመበት መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ፣ ከዚያ ‹ወንድሜን› ብሎ የጮኸው ጩኸት እስከ ሮቢት የሚሰማ መሰለኝ። ሴቶቹ ተቀበሉት። ሁለት ዓመት የታቆረ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። በዚያ ጩኸት መሐል ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ «የአንችን ስም ልጻፍ?» አለኝ። ጻፍ አልሁት። መጻፉን ግን አላየሁም።

ግቢዬ ውስጥ ዳስ ተጣለ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥሁ። ሰው ጎረፈ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ንፍሮ የተሸከመ፣ ውሃ የቀዳ። ለሁለት ቀን ያለማቋረጥ አለቀስሁ። እንባዬ የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከላይ በኩል ያ ጩኸት መጣ።

«መጣ! ሆርማት መጣ!»

በእኛ አገር ባለለቅሶው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ለቀስተኛ ጥሎት አይሄድም፤ በተለይ እስከ ሦስተኛው ቀን። ያ ሁሉ የተቀመጠ ሰው የቦዩ ባለማሳ ነው። የክረምቱ የመጨረሻ ውሃ ሊሆን ይችላል። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አሽሽተው መሬት ያያሉ። ታረቀኝ ከፊት ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትላል። እኔ ካልተነሣሁ የሰው ሁሉ ማሽላ ይደርቃል። ከተነሣሁ ደግሞ የባሏን ለቅሶ ጥላ ውሃ ላይ የሮጠች ሴት ተብዬ መኖሬ ነው፤ አሁንም የሚሉኝ አሉ።

ወደ አያ ዘይኑ ዞርሁ። ዓይኑን ጨፍኗል። ብቻዬን ነበርሁ።

ተነሣሁ። አካፋዬን ከግድግዳው አነሣሁ። «ተነሡ፣ ውሃው እንዳያልፋችሁ» አልሁ። ሰው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ብድግ ብሎ በየአቅጣጫው ሮጠ።

ጥቁር ልብሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ አፌ ላይ ቆምሁ። የጎርፉ ራስ እያጓራ መጣ፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ። አካፋዬን ጨብጬ አሳለፍሁት። ከኋላው ወፍራሙ ውሃ ቀስ ብሎ ሲመጣ ከፈትሁ። ገባ። በድንበሩ ዙሪያ ሞላ፣ ማሽላው ላይ ቁርጭምጭሚት ድረስ ቆመ። ልክ ሲሆን ዘጋሁና ለታች ጎረቤቴ አሳለፍሁ። ከላይ ታረቀኝ ቆሞ አይቶኛል፤ እጁን እንኳ አላነሣልኝም። ‹እሰይ› የሚለኝ ሰው ፈልጌ ወደ ቦዩ ዳር ዞርሁ። አያ ዘይኑ የሚቀመጥበት ድንጋይ ባዶ ነበር። መሬቴ የእኔ ሆነ፣ የምነግረው ሰው ግን የለም። ልቤ እንዲህ ያለውን ነገር ጠብቆ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሳሸንፍ ይሁኔ የሚያየኝ መስሎኝ ኖሯል።

ሌሎቹ ገና ቦዩ ዳር ሳሉ ቤቴ ተመለስሁ። ዳሱ ባዶ መስሎኝ ነበር። ከወንዶቹ ወገን አያ ዘይኑ ብቻውን ተቀምጧል። ለቅሶው ያለሰው እንዳይቀር ብሎ ነው የቀረ። ፎጣውን ፊቱ ላይ ይዞ ትከሻው ይርገፈገፋል። እኔን ሲያይ የሚያቆም መስሎኝ ነበር፤ አላቆመም።

«ዓሊማ በሞተች ለት ውሃ መጥቶ ነበር» አለኝ ሳልጠይቀው። «ቦዩ ላይ ነበርሁ። ሰው መጥቶ ታማለች፣ ድረስ አለኝ። እኔ የውሃ አባት ነኝ፣ ስንቱን ሰው ጥዬ ልሂድ? አንድ አፍ፣ ከዚያ ሌላ አፍ እያልሁ ቆየሁ። ስመለስ ጎረቤቶቼ ቀብረዋት ሲመጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ‹ውሃው ለሁሉ ደረሰ ወይ?› አሉኝ። ‹ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ› አልኋቸው። ከዚያ ቤቴ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ተቀምጬ አላለቀስሁላትም።»

ከነጭቃዬ ፊት ለፊቱ፣ ከሴቶቹ ወገን ተቀመጥሁ። እሱ የሱን አለቀሰ፣ እኔ የእኔን።

ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ርሰው ተመለሱ። ሽማግሌውን ሲያዩ ቆም ይላሉ። «ይሁኔን እንዲህ ይወደው ኖሯል እንዴ?» አለች ሙሚና በሹክሹክታ። ሌሎቹም ከንፈር መጠጡለት፣ ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው ተባባሉ። አያ ዘይኑ ይሁኔን በሕይወቱ ከሁለት ጊዜ በላይ ያነጋገረው አይመስለኝም። ታረቀኝም ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ጭቃ ባለበት እጁ ትከሻውን ይዞ፦

«አይዞህ አያ ዘይኑ። ወንድሜ እንዳንተ ያለ የሚያለቅስለት ሰው ካለው ዕድለኛ ነው» አለው።

አያ ዘይኑ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልመለሰለትም። እኔም አላረምኋቸውም። ዓሊማ ለቅሶዋን ያገኘችው እንዲህ ነው፤ በእኔ ግቢ፣ በባሌ ስም። ከሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።